ወለል ስር ስንዴ፣ ኪስ ውስጥ ፊውዝ

ነሐሴ 28 ቀን 1966

ወለሉን መክፈት ጀመርኩ። ምስማሩ ዝጎ ከጣውላው ጋር አንድ ሆኗል። አራት ጣውላ ለማንሳት ግማሽ ቀን ፈጀ። የእርዳታ ቢሮው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ሽቦ አይችልም። ጠረጴዛዎቹም መሀል ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ሰባት ሶኬት፣ ሁሉም ከወለሉ ላይ፣ ሽቦው ከስር። ሐሳቡ የእኔ ነው። ኃላፊው አቶ አባተ "ጎበዝ!" አሉኝ።

ሌላም አሉ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቋሚነት ይቀጠራል። ደመወዝ አለው፣ በየወሩ ስንዴም። በዚህ ዘመን ስንዴ! ለባለቤቴ ለበለጡ ስነግራት እኔን ትታ ልጆቹን ሳመቻቸው። ከእኔ ሌላ ማን ሊቀጠር? መካነ ሰላም ውስጥ ሽቦ የሚያውቅ አራጌ ብቻ ነው።

ጳጉሜ 2

ሌላ መጣ።

ሷሊህ ይባላል። የከላላ ልጅ፣ ደሴ የተማረ። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብለው አቶ አባተ ናቸው ያስመጡት። ሃያ አምስት ቢሞላው ነው። "ጋሼ አራጌ፣ ስምዎን ሰምቻለሁ" አለኝ። የት ሰማ?

ሦስት ሶኬት ለሱ፣ አራት ለኔ። ለየራሳችን ፊውዝ አለን። ሥርዓቱን ነገርኩት፣ ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረኝን። ወለል ስር የሚገባ ሰው ፊውዙን ከሳጥኑ ነቅሎ የራሱ ኪስ ውስጥ ይከታል። ከዚያ በኋላ ማንም ጄኔሬተር ቢያስነሳ ሽቦው ሙት ነው። "ኪስህን ሳትዳብስ እንዳትገባ!" አልኩት። "እሺ ጋሼ" አለ አንገቱን ደፍቶ። ትሑት ነው። ትሑት ሰው ያናድደኛል።

ጳጉሜ 4

ሦስቱን ሊጨርስ ነው። እኔ ገና ሁለተኛዬ ላይ ነኝ።

ጣውላው ሲነሳ ከስሩ ስንዴ ተገኘ። ቤቱ ዓምና የእህል መጋዘን ነበር። በስንጥቁ እየሾለከ ወርዶ ከአፈሩና ከአይጥ ኩስ ጋር ተደባልቋል። እኔ በእግሬ ገፋ አድርጌ ሽቦዬን ዘረጋሁ። ሷሊህ ግን ሥራውን አቆመ። በሩ ላይ ከሚውሉት ረኀብተኞች መሀል ከማሻ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት አሉ፣ እማማ ሀጀራ። እሳቸውን ጠርቶ አስገባ። በእጃቸው እየዛቁ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። "አላህ ዕድሜህን ያርዝመው ልጄ! ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ!" ምርቃቱ አያልቅም። ለእኔ ሰላምታ እንኳ የለም።

በለጡም ከውሃ ስትመለስ ሰምታ ኖሮ "እንዴት ያለ ሰው ነው!" አለች። ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ዘንድሮ በወሎ ምድር ጠግቦ ሳይሆን ተናዶ ራት የሚተው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መስከረም 1 ቀን 1967

እንኳን አደረሳችሁ ሊል ቤቴ መጣ። ልጆቼ አንገቱ ላይ ተንጠለጠሉ። የእኔ ልጆች!

መስከረም 3

ንጉሡ ወረዱ። ትናንት በሬዲዮ ተነገረ፣ ዛሬ ፎቶአቸው ከቢሮው ግድግዳ ተነሳ። ምስማሩ ቀረ። ከተማው ሁሉ ስለዚሁ ያወራል። እኔ የማስበው አቶ አባተ የሷሊህን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉ ያየሁትን ነው… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መስከረም 9

ረመዳን ገብቷል። ጾሙን ይዞ ይሠራል፣ ያም ሆኖ ይቀድመኛል። የሱ ሦስት ሶኬቶች ተሞከሩ። መብራቱ ቦግ ሲል ሰው አጨበጨበ። የእኔ ነገ።

እዚህ ማንም አያነብም፣ ልጻፈው። እቀናለሁ። በእጁ ፍጥነት፣ በዕድሜው፣ እነዚያ አሮጊት በሚያወርዱለት ምርቃት እቀናለሁ።

መስከረም 10፣ ዓርብ

"ጋሼ፣ የመጨረሻውን እኔ ልግባልዎ፣ ወገብዎን ያምዎታል" አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ! ደሜ ፈላ። ፒንሳዬንና የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮዬን ይዤ በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ። የተላጠውን ሽቦ በጣቴ እየጠመዘዝኩ ሳለ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰማሁ። አቶ አባተ ቸኩለዋል።

ወጣሁ። አቶ አባተ የመገናኛ ሬዲዮውን ሰኩት። ዝም። በሌላው ሶኬት ሰኩት። ዝም። አራቱም ሙት! የሷሊህ ሦስቱ ይሠራሉ። ሳጥኑን ብከፍተው የኔ ፊውዝ የለም። እኔ አልነቀልኩትም። ታዲያ ማን? ሷሊህ የት አለ ብል፣ ዘበኛው ጋሼ ይማም "ለጁምዓ ሄዷል" አሉኝ። ሊያዋርደኝ ነዋ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

አቶ አባተ ቢሮ ገባሁ። የፊውዙን ነገር አላነሳሁም፣ ማን ያምነኛል? "ሷሊህ ወለሉን እየከፈተ ሰው ያስገባል፣ የእርዳታ እህል ያስወጣል" አልኩ። ውሸት ነው? አይደለም። እውነትም አይደለም። ዘንድሮ "እህል አጎደለ" መባል ቀልድ አይደለም፣ ስንቱ ኃላፊ ታስሯል። አቶ አባተ ፊታቸው ጠቆረ።

ከሶላት ሲመለስ በሩ ላይ አሰናበቱት። ወደ እኔ ዞሮ "ጋሼ፣ አንድ ነገር…" አለ።

"ሂድ!" አልኩት።

መስከረም 11

ቋሚ ሆንኩ። በአዲስ ፊውዝ አራቱም ሠሩ። ወለሉን ጣውላ በጣውላ መትቼ ዘጋሁት። በለጡ ደስ አላላትም። "ያ ልጅ ለምን ሄደ?" ነው ያለችኝ።

መስከረም 15

ጋሼ ይማም ታመው ሰንብተው ዛሬ መጡ። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። የእኔ ፊውዝ!

"አፉ በለኝ፣ ዘገየሁብህ። ሷሊህ ለሶላት ሲሄድ ስጥልኝ ብሎኝ ነበር።"

"ይሄን ምን አደረገው?"

"ያን ጁምዓ አንተ ወለል ስር ስትገባ ሳጥኑን ቢያየው ፊውዙ እንደተሰካ ነው። ሰው ፊት ቢጠራህ ታፍራለህ። ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሽቦው ጋሼ እጅ ላይ እያለ አቶ አባተ ጄኔሬተሩን ቢያስነሱትስ አለኝ።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?"

"መች አስጨረስከኝ? ለጁምዓ ሄዷል ስልህ ጥለኸኝ ሄድክ። ኋላም ሷሊህ ራሱ፣ አቶ አባተ እንዳይሰሙ፣ ጋሼ አራጌ ሥርዓት አፈረሱ ብለው እንጀራቸውን እንዳይነኩባቸው አለኝ። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለኝ።"

የተላጠው ሽቦ በእነዚህ ጣቶቼ መሀል ነበር። ጣቶቼን ሳይ ዋልኩ። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ይላል… ለሷሊህ እኔን አላሳጣውም።

መስከረም 21

ፊውዙን አቶ አባተ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ። "የስንብቱ ደብዳቤ ደሴ ሄዷል። አሁን መልሱልኝ ብል እኔን ምን ሊሉኝ ነው? ሥራህን ሥራ" አሉ። ፊውዙን መልሰው ሰጡኝ። ከላላ ገበያ ለሚሄድ ነጋዴ መልእክት ሰጠሁ። "አፉ በለኝ" በልልኝ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

መስከረም 30

መልሱ መጣ። "አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ። አብሽሩ። ኪስዎን ይዳብሱ።" ይኸው ነው። እግዜር ይይልኝ፣ በይቅርታውም ቀናሁ። እኔ ብሆን እንዲህ በቀላሉ አፉ እለው ነበር?

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሶኬት አጠገብ ያለውን ጣውላ ነቀልኩ። በእግሬ የገፋሁት ስንዴ እዚያው አለ። መጀመሪያ ግን ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ዳበስኩት። አቶ አባተ አይተው ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ።

እማማ ሀጀራን ከበሩ ጠራኋቸው። በጣም ከስተዋል፣ ክንዳቸውን ይዤ ነው ያስገባኋቸው። ተንበርክከው እየዛቁ ይመርቁ ጀመር።

"አላህ ሷሊህን ይጠብቅልኝ! የሄደበት ሁሉ ይቅናው!"

እማማ፣ የከፈትኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አሚን" አልኩ።

ገና የቀረ ስንዴ አለ። ጣውላውን አልመለስኩትም።