ወፍራሙ መጋረጃ

ውድ እህቴ፣

ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የውሎዬን ነገር እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን ለራሴ ከምጽፈው ላንቺ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ገበያው ደህና ነው። ድሮ መጋረጃ የሚገዛኝ ሰው የመስኮቱን ልክ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን የሚበዛው አንዱን ክፍል ለሁለት ሊከፍልበት የክፍሉን ልክ ይዞ የሚመጣው ነው። ሰሞኑን አዲስ ተጋቢዎች ከባልየው እናት ጋር መጡ።

«እንዲያው ድምፅ የማያሳልፍ አይኖርሽም፣ ልጄ?» አሉኝ እናቲቱ። ሙሽራዋ መሬት መሬት አየች።

«እማማ፣ ድምፅ የሚከለክለው ግድግዳ ነው፤ እሱን እኔም አልቻልኩት» ስላቸው ሦስቱም ሳቁ። የከተማው ሰው ይበዛል፣ ደሞዝ ባለበት ይቆማል፣ ቤት ይጠባል። እኔም በዚሁ እንጀራዬን እበላለሁ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የክፍላችን ግማሽ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ያንቺ ወገን፣ ባዶ ነው። ትናንት አከራያችን በሩ ላይ ቆመው፣ «አንቺ ነጋዴ አይደለሽም እንዴ? ግማሽ ቤት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ኪራዩን ልጨምር ነው፤ ሁለት ተማሪዎች ላምጣልሽ» አሉኝ።

«እህቴ ትመለስበታለች» አልኳቸው።

«የትኛዋ? ያቺ ያባረርሻት?»

ደነገጥኩ። ስጠይቃቸው ስትወጪ ያልሻቸውን ነገሩኝ፤ «እህቴ ልታየኝ አልፈለገችም፤ በመሐላችን የነበረውን ስሱን አውርዳ እንደ ግድግዳ የወፈረ መጋረጃ ሰቀለችብኝ» ብለሽ።

አንቺ ልጅ! ያን ጨርቅ ከሱቁ ሁሉ መርጬ ያመጣሁት፣ ሌሊቱን በሽተኛ ስትጠብቂ አድረሽ ቀን መተኛት ስላቃተሽ ነው። ፀሐይዋ በእኔ በኩል ባለው መስኮት ገብታ ፊትሽ ላይ ስታርፍ፣ ትራሱን ፊትሽ ላይ ጭነሽ ስትገላበጪ አይሽ ነበር። ሰቅዬልሽ ወጣሁ፤ ምንም አላልኩም። አንቺም ምንም ሳትይ ሻንጣሽን ይዘሽ ከተማው ዳር ሄድሽ። መቼም የአባታችን ልጆች ነን፤ አፋችን ለባዳ እንጂ ለራሳችን ሰው አይፈታም።

አሁን የደሞዝሽን ግማሽ ለኪራይ፣ ከተረፈው ብዙውን ለታክሲ ትሰጫለሽ። እኔም ይህን ቤት ብቻዬን አልዘልቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ እንደ ነጋዴ ስሚኝ። ከሆስፒታላችሁ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አግኝቻለሁ። መሐሉ ብሎኬት ነው፤ ሁለቱም ክፍሎች የየራሳቸው በር አላቸው። የአንደኛው መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ አይገባበትም፤ እሱ ያንቺ ነው። ለእኔ ከሱቁ ይርቃል፤ ይራቅ። ለሁለት ከያዝነው እንችለዋለን። ደላላው እስከ እሑድ ብቻ ነው የሚያቆይልኝ፤ ከዚያ ለሌላ ይሰጠዋል፣ እኔም ተማሪዎቹን ማስገባቴ ነው።

ልመና አልችልበትም። ግን ይህን ልንገርሽ፦ ለምሳ ቤት ስገባ እንዳልቀሰቅስሽ፣ እስከ ዛሬ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በእግር ጣቴ ነው የምራመደው።

እሑድ ጠዋት ከሥራ ስትወጪ ሆስፒታሉ በር ላይ ታገኚኛለሽ። ቁልፉን ከደላላው ለዚያ ቀን ተውሻለሁ፤ ፍራሽ አስገብቼ አነጥፍልሻለሁ። «ቤት በዓይን ይታያል እንጂ ተተኝቶ ይታያል እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። ከደከመሽ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ፤ ግቢና ተኚ። ቤቱ ይስማማሽ እንደሆነ ስትነቂ ትነግሪኛለሽ።

እስክትነቂ የምትጠብቅሽ
ታላቅ እህትሽ