ሁለተኛው ካርድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ደህና ቀን። የካርድ ክፍሉ ጣራ አላፈሰሰም። መስኮቱን ስከፍት ወረፋው ውጭ በር ድረስ ነበር። እስከ ምሳ 140 ካርድ አወጣሁ። አጠገቤ ባለው መስኮት ያለው ባልደረባዬ ኤክስፕረስስ ስንት? ሃምሳ ሁለት! ኤክስፕረስ ያልነው ስለሚንቀራፈፍ ነው። አንዲት ካርድ ፍለጋ መሰላል ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፣ እንደገና ይወጣል። እኔን መብረቅ ይሉኛል። አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚች መስኮት ላይ። ሳሎን የተሰቀለው ምስክር ወረቀቴም «ለፈጣን አገልግሎት» ነው የሚለው።

ከሰዓት ኃላፊው አንዲት ወጣት ዶክተር ይዞ መጣ። ስኳር በሽታ ላይ ጥናት ልትሠራ ነው። እርግዝና ላይ ስኳር የተገኘባቸው ሴቶች፣ የአስራ አምስት ዓመት ካርድ በሙሉ። ከወለዱ በኋላ ስንቶቹ በየዓመቱ እየመጡ ተለኩ? ጥያቄዋ ይሄ ነው። ስማቸውንና ቁጥራቸውን ከወሊድ መዝገብ አውጥታለች። 212 ሴቶች።

«መብረቅ እርስዎ ነዎት?»

«ይሉኛል።»

«እስቲ ብልጭ ያድርጉልኛ!»

ኃላፊው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የነገ፦
– የጓዳው መጋዘን ቁልፍ
– አፍ መሸፈኛ (አቧራው!)
– የልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ፣ እንዳልረሳ
– ለእናቷ የስፌት መኪና ዘይት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሁለት ቀን መጋዘን ውስጥ። እኔ አወጣለሁ፣ ዶክተሯ ትመዘግባለች። ዝም ብሎ መሥራት አልሆነልኝም፣ ጠየቅኳት።

«ከወለዱ በኋላ ይጠፋ የለ እንዴ? ለምን ይለካሉ?»

«ይወርዳል፣ ልክ ነዎት። ግን ብዙዎቹ ላይ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። ቀስ ብሎ፣ ሳያሳምም። በየጊዜው ከተለኩ፣ ምግቡና እንቅስቃሴው ከተስተካከለ፣ ሊቀር ይችላል። ቢመጣም በጊዜ ይያዛል። ካልተለኩ... ዓይን ነው፣ ኩላሊት ነው፣ እግር ነው።»

እናቷ ልጃችንን ስታረግዝ ስኳር ብለዋት ነበር። አስራ አራት ዓመቱ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይለኳት ነበር፣ ትዝ ይለኛል። ባዶ ሆዷን እየሄደች ትነጫነጭ ነበር። መቼ ነው የተውት? ለምን ተውት?

እስካሁን ካየናቸው አብዛኞቹ የሆነ ዓመት ላይ ቀጥ ይላሉ። መስመሩ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

«የት ሄዱ እነዚህ ሁሉ ሴቶች?» አለች ዶክተሯ።

«ሰው ቸልተኛ ነው፣» አልኳት። አፌ እንዴት ፈጠነ!

አርብ፣ ጥቅምት 7

አገኘሁት። የእናቷን ካርድ።

ቦታው ላይ አልነበረም። ሁለት ካርድ አልፎ ነበር የገባው። ሁለት ካርድ ብቻ!

አምስት ጊዜ ተለክታለች። አምስቱም ደህና። የመጨረሻው መስመር፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ «በሚቀጥለው ዓመት ይደገም»። ከዚያ ባዶ።

ከዚያ ዓመት ሳይሞላ የመጣችበት ቀን አሁን ጥርት ብሎ ታየኝ። ጥርሷን አሟት፣ ጉንጯን ይዛ መስኮቴ ጋ መጣች። ካርዷን ቦታው ላይ አጣሁት። ወረፋው ይጮሃል። ለገዛ ሚስቴ ልንቀራፈፍ? አዲስ ካርድ ከፈትኩ፣ አዲስ ቁጥር ሰጠኋት። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ንጹህ ካርድ ነው የታከመችው። ጉንፋን፣ ጉልበት፣ ጥርስ። ስለ ስኳር ማንም አልጠየቃትም። ካርዱ ላይ የለማ!

«212ኛዋስ?» አለች ዶክተሯ ዝርዝሯን ይዛ።

«አልተገኘችም።»

ካርዱ ኮቴ ውስጥ ነበር። ካርድ ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው። ማስታወቂያውን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ቀኑን ሙሉ ሳያት ዋልኩ። «ምን አፈጠጥክብኝ? ቀንድ አበቀልኩ?» አለችኝ።

ያየሁት፦
1. ውሃ። ከጠዋት እስከ ምሳ አንድ ጆግ ጨረሰች። ሙቀቱ ነው? ሙቀትስ የለም።
2. ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት ለልጅቷ ሰጠቻት። ሦስቴ።
3. ቀሚሷ ሰፍቷታል። ራሷ አጠበበችው።
4. ምሳ በልታ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሷ! ቀን ተኝታ የማታውቅ ሴት።

መነጽር ይሆናል። ዕድሜ ይሆናል። ሥራ በዝቶባት ይሆናል... እኔ ዶክተር ነኝ እንዴ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሳልነግራት ላስለካት አሰብኩ። ራት ላይ ወሬ አስመስዬ ጀመርኩ።

«ለዚያ ጥናት ጤነኛ ሰው ይፈልጋሉ፣ ለማወዳደሪያ። አንቺን ብወስድሽስ?»

«ጤነኛ ፈልገው ወደኔ ላኩህ? ጉልበቴን አላዩትም?»

«ጠብታ ደም ብቻ ነው።»

«ሰላሳ ዩኒፎርም ስፌት አለብኝ። መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ እየዋለ፣ ደግሞ ሄጄ ልወጋ?»

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዶክተሯ የመጀመሪያውን ውጤት ለሠራተኛው አቀረበች። ከ212ቱ ክትትላቸው እስከ ዘንድሮ የዘለቀ 31። የቀሩት «ራሳቸው ያቋረጡ»። መፍትሔ፦ ለሴቶቹ ትምህርት መስጠት፣ በራሪ ወረቀት ማሳተም። ኃላፊው ራሱን ወዘወዘ። «የኛ ሰው ካላመመው አይመጣም፣» አለ።

ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። መጥተዋል እኮ! እኔ ነኝ ካርድ ያወጣሁላቸው። በሳል መጥተዋል፣ ልጅ አዝለው መጥተዋል። ስንቶቹን ነው «አዲስ እንክፈት» ያልኳቸው? በቀን አምስት? አስር? በአስራ ዘጠኝ ዓመት... አልቆጥርም።

ስንወጣ ኤክስፕረስ ጎኔን ነካ አደረገኝ። «ሠላሳ አንዱ በየትኛው መስኮት የሚስተናገዱ ይመስልሃል?» አለ። በቁጣ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ።

ስንት ዓመት «ይሄ ኤሊ» ስለው የኖርኩት ሰውዬ ይፈልግ ነበር። እኔ አልፈልግም ነበር። ልዩነታችን ይሄው ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ነገርኳት።

ከሥራ እንደገባሁ። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ፣ ልጅቷ አጠገቧ ቁልፍ ትተክላለች። ካርዱን ከኮቴ አውጥቼ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ። አንስታ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ አልታያት አለ። ለልጅቷ ሰጠቻት። «አንብቢልኝ።»

ልጄ ጮክ ብላ አነበበች። ቀን፣ ቁጥር፣ ደህና። ቀን፣ ቁጥር፣ ደህና። አምስቱንም። ከዚያ «በሚቀጥለው ዓመት ይደገም።» ገልበጥ አደረገችውና «ደገሙት እንዴ አባዬ?» አለችኝ።

የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ጥርሷን፣ ወረፋውን፣ ሁለቱን ደቂቃ። መኪናው ቆመ።

«ጠይቄህ ነበር፣» አለች እናቷ። «አሁን ለምን አይለኩኝም ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«ምን አልከኝ?»

«ቢያስፈልግ ይነግሩሽ ነበር... አልኩሽ።»

«ማን ይንገረኝ? ካርዱን ቀብረኸው!»

ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። እናቷ ጨርቁን አጠፈችና፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለች።

«በሁለት። ባዶ ሆድ።»

«ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የስኳሯ ልክ 186፤ ከፍተኛ ነው። ሰኞ ይደገማል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

191። ስኳር ነው።

ኩላሊት ደህና። እግር ደህና። ዓይኗ ላይ ግን የጉዳት ጅምር ምልክት አለ። የዓይን ሐኪሙ «አሁን ከተከታተልነው እናቆመዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የዛሬ ሦስት አራት ዓመት ብትመጪ ጥሩ ነበር፣» አላት። ይሄን የነገረችኝ ልጄ ናት። እናቷ እያናገረችኝ አይደለም። ስትፈልገኝ «ለአባትሽ ንገሪው» ትላለች፣ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ።

ከምሳ በፊት ዶክተሯ ጋ ገባሁ። ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት።

«212ኛዋ። ሚስቴ ናት። ደብቄያት ነበር።»

አነበበችው። «እና ለምን አቋረጡ?»

«አላቋረጠችም። ሌላ ካርድ ከፍቼላት ነው። ሌሎቹም አላቋረጡም፣ ዶክተር። ሁለት ሁለት ካርድ አላቸው። ከፋፈልኳቸው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «ማየት እንችላለን?» አለች ብቻ።

«በስምና በአያት ስም ከሆነ... እንችላለን። ግን ቶሎ አይሆንም።»

«ማን ቶሎ አለ?»

እሑድ፣ ጥቅምት 23

የምስክር ወረቀቱን አወረድኩት። ሚስማሩ ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ጨረስን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ፣ እኔና ኤክስፕረስ። እሱ መሰላል ላይ፣ እኔ ታች።

– ጠፉ የተባሉት፦ 181
– ሁለተኛ ካርድ የተገኘላቸው፦ 97
– ከነዚህ በኔ የእጅ ጽሑፍ፦ 88
– ሦስት ካርድ ያላት፦ 1 (ሦስተኛውንም እኔ)

88። ቁጥር ሆኖ ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል። እያንዳንዷ ግን መስኮቴ ጋ ቆማለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ፈጣን ነህ» ብላኝ ሄዳለች።

ስልክ መደወል ተጀምሯል። ዛሬ አንዷ መጣች፣ ደህና ናት፣ 94። ደስ ብሎኝ ኮሪደር ላይ ቆምኩ፣ እጇን መጨበጥ ቃጣኝ። ሌላዋ ስልኳ አይሠራም። አንዷ... ልጇ ነው ያነሳው። ዓምና ሞታለች አለ። በምን እንደሆነ ዶክተሯም አልጠየቀች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አልጠየቅኩም።

ከኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈረምኩ። ጥናቱ ውስጥ «ራሳቸው ያቋረጡ» የሚለው ተሰርዟል። ዶክተሯ የተጻፈውን አሳየችኝ፦ ክትትሉ የተቋረጠው በአብዛኛው በካርድ አከፋፈት ምክንያት ነው። ስሜ የለበትም። ቢኖርም አልቃወምም ነበር።

ቤት፦ «ጨው አቀብለኝ፣» አለችኝ እናቷ። ለኔ። በቀጥታ።

አርብ፣ ኅዳር 26

አሁን መስኮቱ ላይ ሕግ አለ። የድሮው ካርድ ሳይፈለግ አዲስ አይከፈትም። ሴት ስትመጣ «እርጉዝ ሳሉ ስኳር ተብለው ያውቃሉ?» እላለሁ። አንዳንዷ «አንተ ምን አገባህ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ።

ዛሬ ጠዋት 63 ካርድ። ኤክስፕረስ 60። «ምነው፣ በመንቀራፈፍ ልትቀድመኝ ነው?» አለ።

አራት ሰዓት ገደማ ቀና ስል መስኮቱ ላይ እናቷ። ተሰልፋ ነው የመጣችው፣ ተራ ቁጥር 37። የወር ክትትሏ ነው። እንደማታውቀኝ ቁጥሯን ሰጠችኝ። ሁለቱ ካርዶቿ አንድ ላይ በክር ተሰፍተዋል፤ ባለፈው ስትመጣ እዚሁ የሰፋቻቸው ራሷ ናት፣ ክሩን ልጅቷ መርፌው ውስጥ አስገብታላት።

ሄድኩ። ቦታው ላይ የለም።

በላይ ረድፍ፣ የለም። በታች ረድፍ፣ የለም። ሁለት ካርድ አልፎ ይሆናል ብዬ አየሁ፣ አስር አልፌ አየሁ። ላብ አጠመቀኝ። ከውጭ ይሰማኛል።

«ምን ይንቀራፈፋል ይሄ ሰውዬ?»

«ድሮ መብረቅ ነበር አሉ።»

«አርጅቷላ!»

አንዱ ደግሞ ጮክ ብሎ፣ «አዲስ ክፈትላትና እንሂድበት እንጂ!»

ዞርኩ። እናቷ ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ወደ ሰውዬው እንኳ አላየችም።

«አይከፍትም፣» አለች። «ይፈልጋል። እኔም እጠብቃለሁ።»

ኤክስፕረስ መጥቶ መሰላሉን ያዘልኝ። አስራ ሰባት ደቂቃ ፈጀ።