የምልክት ቋንቋ ትምህርታችን እንዲዘጋ ላዘዙት ኃላፊ

ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉና ተራራ ብርድ የቢሮዎን ደጃፍ አልፎ እንዳይደፍርዎ እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው ውለታዎን በአደባባይ ላመሰግን ብዬ ነው።

አንደኛ፣ በሥነ ልሳን ተመርቄ ለመምህርነት ሳመለክት «ልሳን ማለት ምላስ አይደል? የምላስ ነገር ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ሞክሪ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎ ስትስቅ አብሬ ሳቅሁ፤ ደረጃውን ስወርድ ግን አለቀስሁ።

ሁለተኛ፣ ሥራ ስለነፈጉኝ ከጉና ሥር ወዳለው የአክስቴ መንደር ሄድሁ። እዚያም ጎረቤቷን ወይዘሮ ውዴንና መስማት የተሳናት ልጃቸውን አለምወርቅን አገኘሁ። እናትየዋ «ልጄ ሞኝ አይደለችም፤ የምትለው ነው የማይገባኝ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን የምልክት ቋንቋ ለሁለቱም ማስተማር ጀመርሁ፤ መጀመሪያ ድንች፣ ከዚያ በግ፣ ዝናብ፣ እናት። አንድ ቀን አለምወርቅ በእጇ «እማ፣ ሆዴን አመመኝ» አለች። እስከዚያ ቀን ልቅሶዋን ሁሉ አመል ይሉት ነበር። ወይዘሮ ውዴ አቅፈዋት «ስንት ጊዜ አሞሽ ይሆን?» እያሉ አለቀሱ።

ወሬው ሲሰማ ሌሎች ወላጆችም መስማት የተሳናቸውን ልጆቻቸውን በበቅሎ ጭምር አመጡ፤ ቄስ ሞገስም የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ ፈቀዱልን።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ያን ዳገት ወጥተው ስለጎበኙን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወይዘሮ ውዴ ሊያስረዱዎ ሲሞክሩ ፊትዎን አዙረው ስልክዎን አወጡ፤ ከዚያም «ድምፅ የሌለው ትምህርት፣ ትምህርት አይደለም። ፈቃድም የለውም፤ ይዘጋ» ብለው ወረዱ። ፈቃዱን ከቢሮዎ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። መልስዎ ዝምታ ስለነበር፣ የቋንቋ ባለሙያ ብሆንም መተርጎም አልቻልሁም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ትእዛዝዎን በአክብሮት ሰምቻለሁ፤ አልፈጽመውም። ሰኞ ጧት እንደወትሮው እናስተምራለን። በሩን የሚያሽግ ሰው ከላኩ ወይዘሮ ውዴ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ለዞኑ አቤት ማለት ካስፈለገም መንገዱን አብረን እንወርዳለን።

ማመልከቻዋን በመሳቢያዎ በክብር ያሳረፉላት፣ ውለታዎን የማትረሳ አክባሪዎ፣
ፈንታነሽ ሞላ፣ የሥነ ልሳን ምሩቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመጡ ዕለት አለምወርቅ በእጇ ያለችውን ሲጠይቁኝ «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ተርጉሜልዎ ነበር። ሙያዬ ስለሚያስገድደኝ አርሜዋለሁ። ያለችው «እናቴ ስታናግረው አይሰማም፤ እሱም እንደኛ ነው እንዴ? ከሆነ ቦታ እንስጠውና ይማር» ነው።