ዕጣኔን ሎተሪ ላደረገው ማጣሪያ

ለክቡር አቶ ሐብተ ማርያም
የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የኮምፒውተርዎን ሰላም እየተመኘሁ፣ ከአባቴ የወረስሁትን የዕጣን ንግድ በዚህችው ከተማ የማካሂድ እኔ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከራሴ ማመልከቻ ስለጠበቀኝ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማመልከቻ በኢሜይል እንጂ በአካል አንቀበልም ባላችሁት መሠረት፣ የፈቃድ እድሳት ጥያቄዬን ስድስት ጊዜ ልኬ አንዱም አልደረሰም። የኮምፒውተር ባለሙያዎ አቶ ምንይችል ምክንያቱን በትሕትና አስረድተውኛል፤ «ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚሉ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል፣ «ዕ» እና «ጣ» ተከታትለው የተገኙበት መልእክት ሁሉ እንዲጣል በትእዛዝዎ በኢሜይል ማጣሪያው ላይ ደንብ ተጽፏል። ከ«ጣ» ቀጥሎ «ን» ይኑር አይኑር ደንቡ አይጠይቅም። እነሆ ዕጣኔ ሎተሪ ሆነ።

፪ኛ. ዕጣን በዐይኑ «ዐ» እንደሚጻፍ አባቴ አጥብቀው ስላስተማሩኝ ጥፋቴ ከባድ ነው። አጭበርባሪዎቹ ግን በአልፋው «አ» «እጣ» ብለው ስለሚጽፉ በሰላም ይገባሉ፤ በየሳምንቱ አዲስ መኪና እንደሚደርስዎም ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎ።

፫ኛ. ደንቡ «ዕጣ»ንም «እጣ»ንም እንዲይዝ፣ ዕጣንን ግን እንዲያሳልፍ አቶ ምንይችል በአንድ መስመር አስተካክለው ለፊርማዎ ልከውልዎ ነበር። በኢሜይል ስለላኩት እሱም ተጥሏል።

ፈቃዴ «ባለፈቃዷ ስላላመለከቱ» ተብሎ ተሰርዟል። የአባቴ ደንበኛ የነበሩት ቄስ እንኳየሁ ከድብ ባሕር ድረስ መጥተው፣ ከታሸገው ሱቄ ደጃፍ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይቼ አልቅሻለሁ። አባቴ አርባ ዓመት የከፈቱትን በር ሁለት ፊደል ዘጋው።

ስድስት ጊዜ ላልሰሙኝ ጆሮዎችዎ ስድስት ጊዜ እጅ እየነሣሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የአጠራጣሪው ቃል ነጋዴ
ፈህሚያ አብዱልመናን

ማስታወሻ፦ እርስዎ አባል የሆኑበት የቤት ማኅበር ጸሐፊ ወንድሜ ኡዘይር ነው። እሱም እንደ እኔ ከአባታችን ዘንድ ፊደል የቆጠረ በመሆኑ፣ «የቤት ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚል ደብዳቤ በዐይኑ «ዐ» ጽፎ ሦስት ጊዜ በጽሕፈት ቤትዎ ኢሜይል ልኮልዎ መልስ አጣ። እስከ ዓርብ ካላረጋገጡ ቤቱ ለተጠባባቂ ይተላለፋል። በአካል መጥቶ ሊነግርዎ ሲነሣ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በአካል የመጣ እንደማያስተናግድ አስታውሼ መለስሁት። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ የሚወጣው ቅዳሜ ነው።