ለረይሃና የሰጠሁት ወተት

ጥቅምት 4
ዛሬም መርካቶ፣ መጋዘኑ ውስጥ ቡና ስለቅም ዋልኩ። ጥቁር ጥቁሩን ማውጣት ነው... እጄ ለምዶታል። በምሳ ሰዓት ጎረቤቴ ፈሂማ ጋ ሮጬ ልጇን ረይሃናን አጠባሁ። የፈሂማ ወተት ልጅቷ ሁለት ወር ሲሞላት ነጠፈ። እኔ ደግሞ ልጄ ጣሪቄ በነሐሴ ሲሞትብኝ ወተቴ አልቆመም ነበር። ልብሴን እያራሰ... ያቺ ልጅ ናት ያስታገሰችኝ።
በግራ ጡቴ ጎን ጠንካራ ነገር አለ። ወተት ቋጥሮ ይሆን?

ጥቅምት 13
እብጠቱ ቀላ። ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር ብርሃንነሽ ጥያቄዋ አያልቅም። መቼ ወለድሽ? ስንት ወር አጠባሽ? የወሊድ መከላከያ ክኒን ትወስጃለሽ? ጡትሽን የመታሽ ነገር አለ? ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው? ሲጋራስ?
"ሲጋራ! እኔ?" ሳቄ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ...
"ሁሉንም ነው የምጠይቀው" አለች፤ እሷም ሳቀች። "አሁን ታጠቢያለሽ?"
"ልጄ ሞቷል።"
አንገቷን ደፋች። ወደሚቀጥለው አለፈች። አልዋሸሁም። እውነቱን ግን ተናገርኩ? ረይሃናን አታጥቢ ብትለኝስ ብዬ ነው።
በመርፌ ናሙና ወሰደች።

ጥቅምት 16
ረይሃና ታስላለች። ጣሪቅንም በሳል ነው የጀመረው። ከኔ ይሆን? እሱንም እኔ...
ላጠባት አልሄድኩም። ፈሂማ በሩን ደበደበች። "ፋሪዳ! ኧረ በለቅሶ ልትገድለኝ ነው! ምን አደረግንሽ?" ጉንፋን ይዞኛል አልኳት፣ ከበሩ ኋላ ቆሜ። ቀሚሴ ራሰ።

ጥቅምት 27
ውጤት መጣ። ካንሰር አይደለም። ነቀርሳም አይደለም። አልሃምዱሊላህ። ስሙን ቀስ ብላ አስጻፈችኝ፦ ግራኑሎማተስ ማስታይተስ። እምብዛም የማያጋጥም፣ ቶሎም የማይለቅ የጡት መቆጣት ነው አለች።
ያኔ የረይሃናን ነገር ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
"ይጋባል?" አልኳት።
"አይጋባም። የልጅቷ ሳል ሌላ ነው፤ አሳዩአት።"
"ጣሪቅንስ... እኔ ነኝ?"
የጣሪቅን ካርድ አስወጥታ አነበበች። "የሱ የሳንባ ምች ነው። ከወተትሽ ጋር አይገናኝም።"
"ታዲያ ይሄ ከምን መጣብኝ?"
"በቅርብ የወለዱ፣ ያጠቡ ሴቶች ላይ ይበዛል። ለምን አንቺን ያዘሽ ካልሽኝ ግን አላውቅም።"
ሐኪም አላውቅም ሲል መጀመሪያ መስማቴ ነው። ቀለል አለኝ። ክኒን ሰጠችኝ። ጡትሽ እንዲያርፍ ወተቱ ግን ይቁም አለች።

ጥቅምት 28
ለፈሂማ ነገርኳት። "አንቺ! ለዚህ ነው የተደበቅሽን? እኔ ደግሞ የኔዋ በመኖሯ ከፋት ብዬ..." ጮኸች፤ ከዚያ አለቀሰች። ረይሃናን ጤና ጣቢያ አሳይታት ነበር። ጉንፋን ነው ብለዋታል። እኔ ከቀረሁ ወዲህ የዱቄት ወተት ጀምረውላታል።
"እንግዲህ ወተቱ ከቆመ..." ብዬ ሳልጨርስ አማቷ አዴ ሳሊሀ "ቱሪ! ቆይ!" አሉኝ። "ከአምስት ጊዜ በላይ ጠግባ ጠብታለች። በቃ፣ በሸሪዓው ልጅሽ ናት። ወተት ስለቆመ አይፈርስም። ጣሪቅም ወንድሟ ነው።"
ወንድሟ... ነበር አላሉም። ሕጉን እያወቅኩ ለምን አላሰብኩትም?

ኅዳር 19
እብጠቱ ፈነዳ። መግል ፈሰሰ። ቶሎ አይለቅም ብላኝ ነበር።

ጥር 12
ቁስሉ ሊደርቅ ነው። ክኒኑም ተቀነሰልኝ። ዶክተር ብርሃንነሽ ዛሬ የለችም። አንድ ወጣት ሐኪም ጥያቄውን ከሀ ጀመረው። መቼ ወለድሽ? የመታሽ ነገር? ሲጋራ? አንድም ሳልዘል መለስኩ።
"ስንት ልጅ አለሽ?"
"ሁለት። ወንዱ አኼራ ሄዷል። ሴቷን ጎረቤቴ ናት የወለደቻት፣ እኔ አጠባኋት። ጥርስ አወጣች። ትናንት ገንፎ ሳጎርሳት ጣቴን ነከሰችኝ።"
ቀና ብሎ አየኝ። "ሁለት ብዬ ልጻፈው?"
"ጻፈው" አልኩት።