የእነዋሪው መንገድ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስካለማርያም፣ አረርቲ።

ከልጆችሽ ጋር እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ብርዱ ቢበረታም አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

የጌታዬን የእህል መጋዘን እስካሁን እጠብቃለሁ። ባልደረባዬን ተክለጊዮርጊስን ታውቂዋለሽ፤ አምና ለጥምቀት አብሮኝ ቤትሽ መጥቶ ነበር። ባለፈው ወር፣ ከኋላ የተደረደሩት ጆንያዎች ስንዴ ሳይሆን ገለባ እንደያዙ አይቶ ነገረኝ። በሳምንቱ ጌታዬ ለሥራ ነው ብለው በመኪና ወደ እነዋሪ ይዘውት ሄዱ። የተመለሱት ብቻቸውን ነው። “ሥራውን ትቶ ቆላ ወረደ” አሉን። ሚስቱ በሰለች በየቀኑ በር ላይ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ጋቢው ዘበኛ ቤቱ ውስጥ እንደተሰቀለ አየችው። “ቆላ የወረደ ሰው ጋቢ ምን ያደርግለታል?” ብዬ ሸኘኋት።

ጌታዬ ሰሞኑን ደግ ሆነውልኛል፤ አዲስ ካፖርት ሰጡኝ። ሰኞ ዕለት አስጠሩኝና “ወልደአረጋይ፣ ያ ሰው ሳይሄድ ምን አጫወተህ?” አሉኝ።

“ስለ ብርዱ ብቻ ነው፣ ጌታዬ” አልኩ።

“ቅዳሜ እነዋሪ አብረን እንሄዳለን” አሉ። ጠመንጃዬን ልወለውል ስነሳ፣ “እሱን እዚሁ ተወው፤ መንገዱ ሰላም ነው” አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት ሳይሆን በመምሬ ገብረመንፈስቅዱስ እጅ ልኬልሻለሁ። የእናታችንን የብር መስቀልም ከእሳቸው ተቀበዪ። በሰለች ከመጣች አስጠጊያት። የእኔን ድርሻ ማሳ ዘንድሮ ልጆችሽ ይዘሩበት።

መድኃኔ ዓለም በደህና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ወንድምሽ ወልደአረጋይ