የሳሎናችን ዝምታ

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለማልጠግብሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እናትሽ ትቆጣለች፤ ስለዚህ እሷም ደህና ናት ማለት ነው። አሁንም ከጎኔ ቁጭ ብላ ድንች እየላጠች «ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፣ የጠየቀችህን መልስላት» ትለኛለች። እሺ ብያታለሁ። ግን ታውቂኛለሽ፤ እኔ ሳልዞር ቤቴም አልገባም።

የጠየቅሽኝ አንድ መስመር ነው። ስለ ፋብሪካችን እሳት የተሠራውን ፊልም እዚያ ባሕር ማዶ ያየሽ ዕለት «አባዬ፣ በሩን ቆልፈኸው ነበር?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ አልደወልሽም፣ እኔም አልመለስኩልሽም። አልፈርድብሽም። ያቺ የፋብሪካ ባልደረባዬ ሳቂታዋ ላንቺ ሁለተኛ እናት ነበረች። እኔ ፋብሪካ ሳመሽ ከትምህርት ቤት የምታመጣሽ፣ ጸጉርሽን የምትሠራሽ እሷ ነበረች። ፊልሙ ደግሞ እሳቱ በተነሳ ቀን የፍራሽ ፋብሪካችን የኋላ በር ሥር ሞታ እንደተገኘች ይናገራል። እውነት ነው። የበሩ ቁልፍ በእኔ፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ እጅ እንደነበረም ይናገራል። እሱም እውነት ነው።

የበሩን ነገር ግን አንቺም በደንብ አታውቂውም። አለቃችን ዕቃ ይሰረቃል ብሎ በምሳ ሰዓት የኋላው በር በጓጉንቸር ይቆለፍ አለ። ሠራተኛው ደግሞ ምሳውን በልቶ ከበሩ ኋላ ጥላው ሥር ትንሽ ካላረፈ የከሰዓቱ ሥራ አይገፋለትም። ታዲያ እኔ ዘዴ ፈጠርኩ። ጓጉንቸሩን በአንዱ ቀለበት ብቻ አስገብቼ አንጠለጥለዋለሁ። ከሩቅ ለሚያየው ተቆልፏል፤ ከውስጥ ለሚገፋው ይከፈታል። አለቃችን በመኪናው ሲያልፍ ያየውና ደስ ብሎት ይሄዳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሳቂታዋ «ያንተ ቁልፍ እኮ ለወግ ነው የተሰቀለው» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

እሳቱ የተነሳ ቀን ጠዋት አለቃችን እንግዶች ይዞ መጥቶ ሲያዞራቸው ነበር ያረፈደው። እኔ ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ ጭሱ ሰማዩን ሸፍኖታል። እሳት አጥፊዎቹ የኋላውን በር በመጥረቢያ ሰበሩት፤ ጓጉንቸሩም ከነቀለበቱ አመድ ውስጥ ጠፋ። ፊልሙ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝ «ጓጉንቸሩን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ይላል። አልዋሸም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲያየው ነበር።

ፊልም ሠሪዋ እኛ ቤት የመጣችው ከእሳቱ ሰባት ወር በኋላ ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሻይ አፍልቼ አብረን ጠጥተናል። እናትሽ ያን ቀን እህቷ ዘንድ ነበረች። ሳሎን፣ አንቺ የተመረቅሽበት ፎቶ ሥር አስቀመጡኝ። ጠየቀችኝ፣ መለስኩ፤ ብዙ አወራሁ። ሲያልቅ አብሯት የመጣው ድምፅ ቀጂ ማይኩን እንደያዘ «አሁን የክፍሉን ዝምታ ልቅዳ፤ አንድ ደቂቃ ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለ። ለካ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው፤ የተቆራረጠ ፊልም ሲቀጥሉ ስፌቱ እንዳይታወቅ ከሥሩ ያነጥፉታል። እኔም እንደ ተማሪ ጸጥ አልኩ። በመሃል ዓይኔ እግሬ ላይ ወደቀ። ካልሲዬ ተቀድዶ አውራ ጣቴ ብቅ ብሏል! እናትሽ ብታይ ምን ትለኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጣቴን ለመደበቅ ስታገል ቆየሁ። ካሜራው ለካ አልጠፋም።

ፊልሙ ላይ እንዴት እንዳደረጉት አይተሻል። እሷ «ያን ቀን በሩን ቆልፈውት ነበር?» ትላለች። ከዚያ እኔ። አንገቴን የደፋሁት፣ ከንፈሬን የነከስኩት እኔ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የመለስኩት መልስ ተቆርጦ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ያለቀሰው እዚያ ጋ ነው አሉ። ጸጉር አስተካካዬ እንኳ፣ ያለ ወሬ ምላጭ የማያነሳው ሰው፣ አሁን ትንፍሽ ሳይል ላጭቶ ይሸኘኛል።

ፊልሙ ክፉ ብቻ ሠራ አልልሽም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ፋብሪካዎች በሮቻቸውን ከውስጥ እንዲከፈቱ አድርገው ቀየሩ። ሳቂታዋ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ያለፈው እሑድ ድምፅ ቀጂው በራችንን አንኳኳ። ያን ሥራ ትቶታል። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አባባ፣ ቅንብሩ የእኔ እጅ አይደለም፤ ግን ሕሊናዬ እምቢ አለኝ» አለና ጥፍር የምታክል የድምፅ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ቀን ያወራሁት በሙሉ፣ ሳይቆረጥ፣ እሷ ላይ አለ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እጄን አነሳሁበት። ካርዷን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ተነሳ።

ልጄ፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ ገባሁ። እናትሽም ቢላዋዋን አስቀምጣለች።

አላውቅም።

ሰባት ወር ላይ አውቅ ነበር። እናትሽ ከእህቷ ቤት ስትመለስ «ምን ብለህ መለስክ?» ስትለኝ «ያለውን ነገርኳቸው» ብያት ነበር፤ ስለዚህ ያለው ነገር ያን ጊዜ በእጄ ነበር። ከዚያ ፊልሙን አየሁት። ደግሜ አየሁት። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ይኸው አሁን ትከሻዬ ላይ ሆና እያነበበችው ነው። ፊልሙ ላይ አንድ እጅ ጓጉንቸር ቀጭ አድርጎ ሲቆልፍ በቅርብ ያሳያል። የእኔ እጅ አይደለም፤ የእኔን አመልካች ጣት ጥፍር የፋብሪካው የስፖንጅ መቁረጫ ማሽን ከሰነጠቀው ስንት ዘመኑ፣ ያኛው ጥፍሩ ሙሉ ነው። አሁን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ያን ቀን ላስታውስ ስል ያ ሙሉ ጥፍር ያለው እጅ ይመጣል። ቀጭ ይላል። የሰው እጅ መሆኑን አውቃለሁ። የሰውን እጅ ገለል አድርጌ የራሴን ስፈልገው የለም። እንግዶች ስለነበሩ ፈርቼ በእውነት ቆልፌው ይሆን? እንደ ልማዴ አንጠልጥዬው ጭሱ ይሆን የቀደማት? ሌሎቹ በሙሉ በፊት ለፊቱ በር ወጡ። እሷ ብቻ ወደ ኋላው ሮጠች። እኔ እንደማልቆልፈው ታውቃለቻ።

ካርዷን በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አልሰማኋትም። ማጫወቻ አጥቼ እንዳይመስልሽ፤ የጎረቤት ልጆች ሁሉ አላቸው። ፈርቼ ነው። እናትሽ «አብረን እንስማው» ብላ አልቅሳ ለምናኛለች፣ እምቢ ብያታለሁ። ከአፌ የወጣውን ቀድመሽ አንቺ ስሚው። ቆልፌው ነበር ብዬ ከሆነ ከአንቺ አፍ ልስማው። አልቆለፍኩም ብዬም ከሆነ ከአንቺው ልስማ፤ እኔ ራሴን ማመኑን ትቼዋለሁ።

ብርዱ አይክፋብሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይመችሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ከውስጥ የሚከፈት በር አምላክ ያድርግልሽ።

የሚወድሽ፣
አባትሽ

መልሴ ካለቀ በኋላ ማጫወቻውን እንዳታጠፊው። ያቺ የአንድ ደቂቃ ዝምታም ካርዷ ላይ አለች። ድምፅ ቀጂው እንደነገረኝ፣ ያ ጠግነው እያልሽ የጨቀጨቅሽኝ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። እስካሁን አልጠገንኩትም። ቤትሽ ነው፤ እስከ መጨረሻው ስሚው፣ ከዚያ ደውይልኝ።